ሽማግሌና ድንች ይዞ በረሃ መውረድ

ጥር 15፣ ዓርብ

ይህን የምጽፈው ከኬሚስትሪ ደብተሬ ጀርባ ተነሥቼ ወደ ፊት ነው። ኬሚስትሪው ራሱ ከፊት ተነሥቶ አራተኛው ገጽ ላይ ደክሞት ስለ ተቀመጠ ሁለቱ ይጋጫሉ ብዬ አልሰጋም። እናቴም ብትሆን «ኬሚስትሪ» የሚል ጽሑፍ ካየች አትነካውም። ይፈነዳል ብላ ነው የምታስበው።

ዛሬም ገና ሳይነጋ የሙሐባው ስልክ አዛን አለ። የእኔንና የእሱን ክፍል የሚለየው ጣውላ ነው፤ ጣውላውም ለይሉኝታ ያህል ነው የቆመው። እሱ ይነሣል፣ ይሰግዳል፣ ከዚያ ሒሳብ ይሠራል። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አናቴ ስቤ እረግመዋለሁ። ከቆላ መጥቶ እኛ ግቢ ከተከራየ ወዲህ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማለት ነው፣ አንድ ቀን ጠግቤ ተኝቼ አላውቅም። ይኸው አሥራ አንደኛ ደርሰናል።

ግን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ፈተና እንዳለቀ አንዱን ቅዳሜና እሁድ ቦርሳ አዝለን በረሃ እንወርዳለን። ሁለታችን ብቻ። ከጫግኒ ወዲያ መኪናው እስከ ቻለበት፣ ከዚያ በእግር፣ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ኮከብ እያየን፣ በማግሥቱ እነሱ ቤት። «በረሃ» ስለው ይናደዳል።

«በረሃ አይደለም፤ ቤቴ ነው።»

ለእንጅባራ ሰው ሹራብ የሚያስወልቅ አገር ሁሉ በረሃ ነው።

ጥር 17፣ እሁድ

ለእናቴ ነገርኳት። በአንድ ትንፋሽ ወባ፣ እባብ፣ ጊንጥ፣ ሙቀት፣ ሽፍታ አለችና አየር ስባ ደግሞ ወባ አለች።

«እማ፣ ወባን ሁለት ጊዜ ቆጠርሽው።»

«ሁለት ጊዜ ትነድፍሃለቻ!»

እናቴ እታለማሁ በዕድሜዋ ከዳንግላ አልፋ አታውቅም። ስለ በረሃ ስታወራ ግን እዚያ ተወልዳ እዚያ የተዳረች ትመስላለች። በመጨረሻ «ትልቅ ሰው አብሯችሁ ካልሄደ አይሞከርም» ብላ ዘጋችው። ትልቅ ሰው! ትልቅ ሰው ቢኖር ምኑ ጉዞ ነው? ስብሰባ ነው እንጂ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ፊዚክስ። አልናገርም።

ለሙሐባው ስልክ ተደወለለት። ግቢው ጥግ ሄዶ አወራ። የሰማሁት «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብቻ ነው። ምሳውን አልበላም። እኔ በላሁለት።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ጎትጉቼ አወጣሁት። አባቱ የመንፈቁ ፈተና እንዳለቀ ጠቅልለህ ግባ ብለውታል። ታላቅ ወንድሙ ባሕር ዳር ለሥራ ሄዶ ቀረ፤ መሬቱ እጅ አጣ፤ አባትየው ጉልበታቸው ደከመ። ትምህርቱ ይበቃሃል ተብሏል። ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣ ልጅ!

«አንተስ ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ።»

«እሺ?!»

«አባቴ ነው እኮ፣ መሳፍንት። ምን ልበል?»

ተናድጄ ወጣሁ። ለእኔ ግድ የለኝም። አንድ ተከራይ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። የሚያሳስበኝ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ማን ያሳየኛል የሚለው ብቻ ነው። ደግሞ አዛኑ ይቀራል፤ እስኪነጋ እተኛለሁ። እንዲያውም ጥሩ ነው።

ጥሩ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ይታወቅልኝ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

የፈረሰኞች ቀን። ከተማው ፈረስ በፈረስ ሆኗል። አያ ወገኔም ዳማ ፈረሳቸውን በቀይ ጥለት አስጊጠው ወጡ። ፈረሱ ከእሳቸው ይልቅ ያፍር ነበር።

አያ ወገኔ የእናቴ አጎት ናቸው፤ ቤታቸው ከግቢያችን ቀጥሎ ነው። ሥራቸው ሽምግልና ነው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋ ገበሬ፣ ለልጁ ሚስት የሚፈልግ አባት፣ ሁሉም እሳቸውን ይልካል። «እኔ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ እምቢ ተብዬ አላውቅም» ይላሉ። ይህን ለቅሶ ቤት ይሉታል፤ ወፍጮ ቤት ይሉታል፤ ባለፈው ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው አፋቸው ተከፍቶ እያለ ሊሉት ሞከሩ።

ዘዴያቸውን ዛሬ ለሚሰማም ለማይሰማም ሲያስረዱ ነበር። ሰው ደጃፍ ሄደው በትራቸውን ተክለው ይቆማሉ። ግቡ ሲባሉ አይገቡም፤ ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም። ጉዳዩ ምንድን ነው ሲባሉም አይናገሩም። መጀመሪያ እሺ፣ ከዚያ ጉዳዩ።

«ጉዳዩን ቀድመህ ከነገርኸው ሰው ማሰብ ይጀምራል» አሉኝ። «ካሰበ እምቢ ይላል።»

እውነቱን ለመናገር ምስጢሩ ሌላ ነው። እንጅባራ ካፊያ አይጠፋም። ካፊያ እየወረደበት ቆፈን ይዞት ደጅህ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ካየህ ቤትህንም ትሰጣለህ።

በዚህ መሃል ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ትልቅ ሰው ካልሄደ ተብሏል። እንግዲያውስ ትልቅ ሰው ይሂዳ! አያ ወገኔ የሙሐባው አባት ደጅ ይቁሙ።

ሐሳቡ የእኔ መሆኑን እዚህ ላይ የማሰፍረው ለኩራት ነው። በኋላ ምክንያቱ ይለወጥ ይሆናል።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው። «ቆላ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጃቸው ወደ ጋቢያቸው ሄደ።

«ቆላ እንኳ… እኔ ደጋ ለምጄ…»

«እርስዎ ካልቻሉማ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «ሌላ ሽማግሌ እንጠይቃለን። አያ ይሄነውም ይችላሉ ይባላል።»

አያ ይሄነው የተባሉትን ሰውዬ አያ ወገኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላም አይሏቸውም። ምክንያቱን ሁለቱም ረስተውታል።

«ይሄነው? ይሄነው የራሱን በግ ከጎረቤት ማሳ ማስወጣት ያቃተው? መቼ ነው የምንሄድ?»

ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። አንድ፦ ሙሐባው እስኪፈቀድለት ድረስ ደጃፉ ላይ አይታይም፤ ባለጉዳይ በሽምግልና መሃል አይቆምም። ሁለት፦ ባዶ እጅ አይኬድም። ሦስት፦ ጾም ሳይገባ። የእኛ ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል፤ የእነሙሐባው ረመዳንም ከሁለት ቀን በኋላ ይከተላል። ስለዚህ የካቲት 7 ወጥተን በ8፣ በቅበላው እሁድ ደጁ ላይ መቆም አለብን። እሁዱን ለምን እንደ መረጡ አልነገሩኝም። ሥጋ ነው።

እናቴ ተስማማች! ሽማግሌ አብሮ ከሄደ ወባዋ የምታፍር መስሏት ነው።

ለሙሐባውም ነገርኩት። «አባቴ እኮ እልኸኛ ነው» አለ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ጫማውን አሰረ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

የካቲት 1፣ እሁድ

ስጦታው ተቆረጠ። ድንች! ግማሽ ኩንታል ይሁን ብለው ነበር፤ ሙሐባው ለምኖ ወደ ሩብ አወረደው። «ከአዊ ድንች የሚበልጥ ምን አለ?» አሉ። የሚሸከመውን ግን አልጠየቁም።

ሌላም ሰማሁ። እናቴ ከጎረቤታችን ጋር በአጥር በኩል ስታወራ፦

«ያ ልጅ ከሄደ የኔው እንደ ድንጋይ ቁጭ ነው የሚል። ሌላ ጓደኛ የለው፣ ሌላ መካሪ የለው። ሰሞኑን እንኳ አይበላም።»

እኔ? እኔ አልበላም? ትናንት ራት ያላለቀው ወጡ ጎምዛዛ ስለ ነበረ ነው።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ነገ። ቦርሳ፦ ውሃ፣ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት (እናቴ ለወባ)፣ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት (አያ ወገኔ ለእባብ)፣ ድንች፣ ድንች፣ ድንች። ለብርድ ልብስ ቦታ አልተረፈም። ኮከብ እያየን እናድራለን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይበለኝ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ፣ ሜዳ ላይ

በባትሪ ነው የምጽፈው። ቦታው የለውዝ ማሳ ጥግ ያለች የጠባቂ ጎጆ ናት። ጠባቂው የለም። አያ ወገኔ አሉ፤ በቂ ናቸው።

እስከ ጫግኒ በሚኒባስ፣ ከዚያ በቅጥቅጥ አውቶቡስ። አውቶቡሱ መንገዱ ሲያልቅበት አንዲት የገበያ ቦታ ላይ ጥሎን ተመለሰ። ሞተር ሳይክል የያዙ ልጆች ከበቡን።

«አባባ፣ ከኋላ ይያዙኝ፣ ሳይመሽ አደርስዎታለሁ!»

«ሽማግሌ ጎረምሳ ወገብ ላይ ተጣብቆ አይሄድም» አሉ አያ ወገኔ። «በእግር ምን ያህል ነው?» ብለው ወደ ሙሐባው ዞሩ።

«ትንሽ ነው» አለ ሙሐባው። ይህ ልጅ ሲዋሽ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አኮራኝ።

ወረድን። መንገዱ ወደ ታች፣ ሙቀቱ ወደ ላይ። አያ ወገኔ ከእንጅባራ ሲነሡ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ሌላ ሹራብ፣ ካፖርትና ጋቢ ደርበው ነበር። መጀመሪያ ካፖርቱ ወለቀ፤ እኔ ተሸከምኩት። ከዚያ ሹራቡ፤ ለሙሐባው። ሁለተኛው ሹራብ ሲወልቅ እንደ ሽንኩርት የሚያልቁ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ጋቢውን ግን አላወልቅም አሉ። «ለጉዳዩ ነው የታጠበው።»

ሙሐባው ፊት ፊት ይሄዳል። እዚህ ሌላ ሰው ነው። ትምህርት ቤት አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው ልጅ እዚህ እያፏጨ ነው። የደረቀውን ሣር፣ ሰማዩን፣ ጠፍጣፋውን አገር እጁን ዘርግቶ ያሳየኛል። «ያ የኛ ዛፍ ነው፤ ያ የኛ ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ታያለህ» ይላል። ክረምት ሲመጣ! አገሩን እንዲህ የሚወድ ሰው ለምን ከዚያ እንዲወጣ እንደምታገልለት ድንገት ግራ ገባኝ። እሱን ጠየቅኩት።

«ማን ልውጣ አለ?» አለኝ። «ተምሬ መመለስ ነው የምፈልገው። አባቴ ሳልማር ተመለስ ነው የሚለው።»

አሁን ሁለታቸውም ተኝተዋል። አይደለም፤ አያ ወገኔ አልተኙም። በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቁጭ ብለው በአዊኛ ያጉረመርማሉ። ጅብ በጮኸ ቁጥር «ማነህ?» ይላሉ። ጅቡ መልስ ስላልሰጣቸው ተቀይመውታል።

ኮከቡ ግን እውነትም ብዙ ነው።

የካቲት 8፣ እሁድ

ከመጀመሪያው በሥርዓት ልጻፍ።

ጠዋት ፀሐይ እንደ ወጣች ጋቢውም ወለቀ። ቦርሳው በድንችና በካፖርት ሞልቷል። መሬት አይነካ፣ አይታጠፍ፣ አይቆሽሽ ተባለ። «ልበሰው» አሉኝ። ለበስኩት። አዲስ ነጭ ጋቢ፣ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ ቆላ ላይ! እጄ ላይ ደግሞ ጃንጥላ አስያዙኝ፤ ለእሳቸው እንድዘረጋላቸው። ይህን ሁኔታ ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ እኔ ልብ አላልኩትም።

መንደሩ ዳር ስንደርስ ሙሐባው የእነሱ ጎረቤት ጋሽ በዛብህ ቤት ገብቶ እንዲደበቅ ተደረገ። መንደሩ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አጥር ለአጥር ነው የሚኖረው። እኔና አያ ወገኔ ብቻ ወደ ቤቱ ሄድን።

የሙሐባው አባት ጋሽ ይመር ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው። እኛን አይተውን አያውቁም። ተነሡ።

«ግቡ፣ ግቡ! ጥላው ውስጥ ግቡ፣ ተቀመጡ!»

አያ ወገኔ ፀሐዩ መሃል በትራቸውን ተከሉ። «አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን።»

ጋሽ ይመር በትሩን አዩ። የድንቹን ከረጢት አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፤ ጋቢዬን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ። ፊታቸው ሲለወጥ ታየኝ። ጓዳ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ነገር ወደቀ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከእንጅባራ።»

«ክርስቲያን ናችሁ?»

«በእግዚአብሔር ቸርነት።»

ጋሽ ይመር ላባቸውን ጠረጉ። «ጉዳዩን ንገሩኝ።»

«መጀመሪያ እሺ ይበሉን።»

«ሳልሰማ እንዴት እሺ እላለሁ?»

«እንግዲያው እንቆማለን።»

ቆምን። እንጅባራ ቢሆን ይህን ጊዜ ካፊያው ሥራውን ጀምሮ ነበር። እዚህ ፀሐይ ናት፤ ፀሐይ ደግሞ የምትሠራው በቆመው ላይ እንጂ በተቀመጠው ላይ አይደለም። ጋሽ ይመር ጥላቸው ውስጥ ናቸው። መንደርተኛው ይሰበሰብ ጀመር።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ ጋሽ ይመር፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

«አሥራ ስድስት» አሉ አያ ወገኔ። ለጨዋታ የጠየቋቸው መስሏቸዋል።

«ሥራ አለው?»

«ተማሪ ነው።»

«መሬትስ?»

«ከየት አምጥቶ?»

«ታዲያ ምን ይዞ መጣ?»

«ድንች» አሉ አያ ወገኔ፣ በኩራት።

ሰዉ ጉድ አለ። አንዲት አሮጊት፦ «ላቡን እዩት። ልቡ ባይከጅል እንዲህ አያልበውም» አሉ። የጓዳው በር ላይ ቀይ ሻሽ ያደረገች ልጅ ብቅ አለች። ሲሀም ናት፤ የሙሐባው ታላቅ እህት። እሱ ሺህ ጊዜ አውርቶልኛል፤ ዓይኗ እንደዚያ መሆኑን ግን አንድም ቀን አልነገረኝም። አየችኝ።

«ይኼ?» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ወላሂ ይኼ እስከ ዙህር ሶላት ይቀልጣል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ነጭ ጋቢ፣ ስጦታ፣ አልቀመጥም ያለ ሽማግሌ። እኔ ሙሽራ ነኝ!

«አያ ወገኔ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «እኔን ለልጅቱ የመጣሁ መስሏቸዋል።»

ቆነጠጡኝ። «ሽማግሌ እያለ ልጅ አይናገርም።»

«ግን እኮ…»

ደግመው ቆነጠጡኝ። እኔም ዝም አልኩ። ስድስት አፍ የማይበቃኝ እኔ፣ ሥርዓት አክብሬ ዝም ያልኩበት የዓመቱ ብቸኛ ቀን ይህ ነው።

ጋሽ ይመር ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይመካከራሉ። ደጁ ላይ የቆመን ሽማግሌ ማባረር ነውር ነው፤ ልጅን ለማያውቁት ክርስቲያን መስጠት ደግሞ አይታሰብም። እናትየው ጓዳ ውስጥ ማልቀስ ጀምረዋል። አያ ወገኔ ሲወዛወዙ ይታየኛል። ጃንጥላውን አስጠጋሁላቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። በትሩ ተንሸራተተ፤ ዘፍ ብለው የድንቹ ከረጢት ላይ ዐረፉ።

«ተቀመጡ!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ።

አያ ወገኔ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጣታቸውን አነሡ። «አልተቀመጥኩም። ድንቹ ነው የተነሣው።»

ሲሀም ሮጣ በጣሳ ውሃ አመጣች። ጠጡ፣ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። እኔ ፈራሁ። በእኔ ሐሳብ፣ በእኔ ምላስ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኋቸው። ከዚያ ጮህኩ፦

«ሲሀምን አይደለም! ሙሐባውን ነው! ትምህርቱን ይጨርስ ልንልዎ ነው የመጣነው! አንደኛ ነው የሚወጣ፣ እሱ ከቀረ እኔ…»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሙቀት ነው። ሙሐባው ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ሁሉንም ሰምቻለሁ ይላል። አለቀስክም ይላል። ላብ ነው። አሮጊቷም መስክረዋል፤ በጣም ያልበኛል።

ጋሽ ይመር ቀስ ብለው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ይኸን ብቻ?»

«ይኸን ብቻ።»

«ድንቹም ለዚሁ?»

«ለዚሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት እናትየው ናቸው፤ እንባቸው ሳይደርቅ። ከዚያ መንደሩ በሙሉ። ጋሽ ይመር ማንጎውን ተደግፈው ሳቁ። «እሺ! ስለ አላህ እሺ! እኔ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ…»

አያ ወገኔ እሺ የምትለዋን ቃል እንደ ሰሙ ዓይናቸው ተገለጠ። «ሰማችሁ? እሺ ብለዋል። አሁን እንቀመጣለን» አሉ፣ ከረጢቱ ላይ እንደ ተቀመጡ።

ሙሐባው ከተደበቀበት መጣ። ፍየል ወጣ። ጋሽ ይመር ቢላዋውን ለጋሽ በዛብህ አስረከቡ፤ ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ የሚባርከውም የሚያርደውም ክርስቲያኑ ጎረቤት ነው፤ ድስቱም ለብቻ ነው። እዚህ ከድሮም እንዲህ ነው አሉ። አያ ወገኔ የሁዳዴን ሁሉ በአንድ ቀን በሉ።

ከምሳ በኋላ ግን ጋሽ ይመር ወደ ማሳቸው ዞረው ተቀመጡ። «እኔን ሲያመጡኝ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ደብተሬ ወሎ ቀረ።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፦ «እሺ ብያለሁ። ግን ክረምት ሲገባ ያንን አረም ማን ያርመዋል? እኔ ብቻዬን አልችልም።»

«ክረምት ትምህርት የለም፤ እኔ እወርዳለሁ» አለ ሙሐባው።

«አንተም ብቻህን አትችለውም።»

«እኔም እመጣለሁ» አለ አንድ ሰው። እኔ ነኝ። ከየት እንደ መጣ አላውቅም። ሲሀም በዚያ በኩል ውሃ ይዛ ስታልፍ ነበር፤ ግን እሱ አይገናኝም።

«አረም አርመህ ታውቃለህ?» አለች።

«በደንብ።»

«እጅህን አሳየኝ።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ጋሽ ይመር ፈገግ አሉ። «ጥሩ። ሁለት ሆናችሁ ትመጣላችሁ። አሁን ልጁ ሳምንት ይቆይ፤ እናቱ ትየው፣ አጥሩን አብረን እንጠግን። ከዚያ… እናያለን።»

እናያለን! አዋቂ «እናያለን» ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ብስክሌት ይገዛልኛል ወይ ስላት «እናያለን» ካለች ስድስት ዓመት ሆናት።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ተመለስን። ያለ እሱ። አያ ወገኔ ሞተር ሳይክል ላይ ጎረምሳ ወገብ ላይ ተጣብቀው እስከ አውቶቡሱ ሄዱ። ካፖርቱን እንደ ገና ደርበውታል። ስለ ድንቹ ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ጽሑፍ ንግግር አይደለም።

ግቢው ሰላም ነው። አዛን የለም። ዛሬ እተኛለሁ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ነቃሁ። ምንም ድምፅ የለም። ድምፁ ስለሌለ ነው የነቃሁት። የማይረባ ጣውላ።

ሁለተኛው መንፈቅ ተጀምሯል። የክፍል ኃላፊያችን ቲቸር ፍቅርአዲስ ስም ጠሩ። «ሙሐባው ይመር!» ሲሉ «አቤት!» አልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ። ቀና ሳይሉ አለፉ። «መሳፍንት!» ሲሉም በራሴ ድምፅ «አቤት!»።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ትናንት ረመዳን ገባ። ስልኩ «ጥሪ አይቀበልም» ይላል፤ እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው ዛፍ ላይ ተወጥቶ ነው። «አቤት» እያልኩ ነው። ዛሬ ቲቸር ፍቅርአዲስ ቆም ብለው «ሙሐባው ጉንፋን ይዞታል?» አሉ። «አዎ ቲቸር» አልኩ፣ በጉንፋን ድምፅ። «እስከ ሰኞ ይሻልሃል» አሉ፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ። «ሰኞ በአካል ካላየሁት ስሙን እሰርዘዋለሁ።»

አያ ወገኔ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ለሚሰማቸው ሰው ጉዞውን ያወራሉ። በወሬያቸው መንገድ ላይ የገጠመን አንበሳ ሦስት ደርሷል። ሙሽራ ሊያደርጉኝ እንደ ነበር ግን አልረሱም፤ ይህች ብቻ ናት እውነቷ፣ እሷኑ ነው ከተማው የያዘው። ዛሬ ባጃጅ ሹፌሩ «ሙሽራው ግባ!» አለኝ።

የካቲት 15፣ እሁድ

መናኸሪያ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ለሌላ ጉዳይ ነው። ከጫግኒ የመጣውን ሁሉ አየሁ። የለም። የመጨረሻው ሚኒባስ ባዶውን ገባ። ሹፌሩን «ሌላ አለ?» ስለው «እናያለን» አለኝ። ልመታው ነበር።

እናቴ ራት አቀረበች፣ አልበላሁም። ሽሮው ጎምዛዛ ነው። «ሽሮ ይጎመዝዛል?» አለች። ከዚያ ራሴን ዳበሰችኝ።

ስሙን ነገ ይሰርዙታል። በእርሳስ እንዲሰርዙት እለምናለሁ።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ጨለማ ነው። ውሻ እንኳ አልተነሣም።

አዛን!

አይደለም፤ ከአዛኑም በፊት ነው። የሱሑር፣ ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ ማንቂያ ነው፤ ረመዳን ስለሆነ ጭራሽ ቀድሞ ይጮኻል። ጣውላው ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይሰማኛል። ለካ ማታ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ መጥቶ እናቴ በር ከፍታለታለች፤ እኔን «እንዳይረበሽ» ብላ ሳትነግረኝ!

ጣውላውን በጡጫ መታሁ። «ሙሐባው! ያንን ነገር ዝም አሰኘው! ሰው ተኝቷል!»

«ተነሣ፣ ሒሳብ አለ» አለ ከወዲያ፣ አፉን ሞልቶ። ከዚያ በጣውላው ቀዳዳ አንድ ቋጠሮ ገፋልኝ። የተቆላ ለውዝ ነው። «ከሲሀም። ለሙሽራው ብላለች። ለአረሙ ጉልበት ይሁነው።»

ቋጠሮውን ትራሴ ሥር አደረግሁ። ብርድ ልብሴን እስከ አናቴ ሳብኩ። እንደ ልማዴ ረገምኩት፤ ሙሉውን፣ ሳላጎድል።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያጣሁት እንቅልፍ ወሰደኝ።